1366 በ768 ከየት መጣ? የስክሪን ነጥቦችና ቅርጾች ሲብራሩ

ለዓመታት በመካከለኛና በዝቅተኛ ዋጋ ሲሸጡ ከኖሩት ላፕቶፖች የአንዱን የስክሪን ሴቲንግ ከፍቶ ያየ ሰው 1366 በ768 የሚል ጽሑፍ ሳያጋጥመው አይቀርም። ቁጥሩ ትኩር ብሎ ለተመለከተው እንግዳ ነው። ክብ ቁጥር አይደለም፤ 256፣ 512፣ 1024 እያለ በእጥፍ ከሚያድገው የኮምፒውተር ቁጥሮች ሰልፍም ውስጥ የለም። ይባስ ብሎ ስክሪኑ 16 ለ 9 ነው ተብሎ ቢሸጥም፣ 1366 ለ768 ሲካፈል በትክክል 16 ለ 9 አይመጣም፤ በፀጉር ያህል ያልፋል። ይሁን እንጂ የድረ ገጽ ጎብኚዎችን ኮምፒውተር የሚቈጥረው ስታትካውንተር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ቈጠራ፣ ይህ እንግዳ ቁጥር 1024 በ768ን አልፎ በዓለም በብዛት የሚገኝ የስክሪን ልክ ሆኖ ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

የስክሪን ቁጥሮች የሰው ዓይን ተጠንቶ የተቀመሩ ይመስሉናል። አብዛኞቹ ግን የተወለዱት ከፊልም ጥቅል፣ ከሜሞሪ ውድነትና ከመስታወት ቈረጣ ነው፤ እያንዳንዱም ቁጥር በተወለደበት ዘመን የነበረውን ችግር እንደ ጠባሳ ይዞ ይኖራል። 1366ም እንዲሁ ነው፤ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ግን ትንሽ ዞር ብሎ መምጣት ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን እንለይ፤ ብዙው መደናገር የሚመጣው ሦስቱ ሲቀላቀሉ ነውና። ስክሪን በረድፍና በዐምድ የተደረደሩ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ስብስብ ነው፤ አንዱ ነጥብ ፒክስል ይባላል። ሪዞሉሽን የምንለው የነጥቦቹን ብዛት ነው። 1366 በ768 ሲባል በወርድ 1366፣ በቁመት 768 ነጥቦች አሉ ማለት ሲሆን፣ ሲባዙ 1,049,088 ይሆናሉ። ምጥጥን የምንለው ደግሞ ቅርጽን ብቻ ነው፤ ወርዱ የቁመቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ስለ ነጥቦቹ ብዛትም ሆነ ስለ ስክሪኑ ትልቅነት አንዳች አይነግረንም። ሦስተኛው ኢንች ነው፤ እርሱም ከታችኛው የግራ ማዕዘን እስከ ላይኛው የቀኝ ማዕዘን በሰያፍ ሲለካ የሚገኘው ርዝመት ነው። ክር እየተቈጠረ የሚሠራ ጥልፍን ማሰብ ይረዳል፤ የጨርቁ ትልቅነት፣ የጨርቁ ቅርጽና ጥልፉ የተሠራበት የቀዳዳ ብዛት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ትልቅ ጨርቅ በሰፋፊ ቀዳዳ ሲጠለፍ ከሩቅ ያምራል፣ ከቅርብ ግን ሻካራ ነው። ስለዚህ «ስክሪኑ 43 ኢንች ስለሆነ ጥራቱ ከፍ ያለ ነው» የሚለው የሻጭ ንግግር ጨርቁ ሰፊ ስለሆነ ጥልፉ ረቂቅ ነው እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ቅርጹ ታሪክ እንግባ። የሁሉም መነሻ 4 ለ 3 ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የፊልም ጥቅል ለሁለት ሰንጥቆ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አደረገው፤ በግራና በቀኝ ጠርዙ ቀዳዳዎች ከበሳ በኋላ ለአንድ ምስል አራት ቀዳዳ መደበ። በሁለቱ የቀዳዳ ሰልፎች መካከል የቀረው ቦታ አንድ ኢንች ገደማ ወርድና የዚያ ሦስት አራተኛ ቁመት ነበረው፤ ይህም 4 ለ 3 ነው። የዓይን ጥናት አልነበረም፣ የውበት ሕግም አልነበረም፤ ፊልሙን ወደ ታች የሚስበው ጥርስ አራት ቀዳዳ ስለሚዘል ብቻ የሆነ ነገር ነው። ከአሠርት ዓመታት በኋላ ቴሌቪዥን ሲመጣ ይህንኑ ቅርጽ ተቀበለ፤ ለቴሌቪዥን የተሠራው የብርጭቆ ቱቦም በኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና 4 ለ 3 የኮምፒውተርም ቅርጽ ሆነ።

በዚህ ቅርጽ ውስጥ ስንት ነጥብ ይቀመጥ የሚለውን የወሰነው ግን ሜሞሪ ነው። የኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤም በ1981 ያወጣው ሲጂኤ የተባለው የግራፊክስ ካርድ የነበረው ሜሞሪ 16 ኪሎ ባይት ብቻ ነበር። 320 በ200 ሲባዛ 64,000 ነጥብ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከአራት ቀለማት አንዱን እንዲይዝ 2 ቢት ይፈልጋል፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ድምሩ 16,000 ባይት ይመጣል። 16 ኪሎ ባይት ማለት 16,384 ባይት ስለሆነ፣ ምስሉ ሜሞሪው ውስጥ ጠባብ ጫማ እንደሚያደርግ እግር ልክክ ብሎ ይገባል። ቀለሙን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ ነጥቡን 640 በ200 ማድረግም ይቻል ነበር፤ ሒሳቡ ያው 16,000 ባይት ነው። በነጥብና በቀለም መካከል መገበያየት የዚያ ዘመን የፕሮግራም ጸሓፊዎች የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር።

ይህ ንግድ ግን ዕዳ ነበረው። 320 ለ200 ሲካፈል 1.6 ነው፤ ብርጭቆው ግን 4 ለ 3፣ ማለትም 1.33 ነው። ምስሉ ብርጭቆውን እንዲሞላ እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ላይ መመዘዝ ነበረበት፤ ስለዚህ የነጥቡ ቁመት የወርዱ 1.2 እጥፍ ሆነ። በወርድ 100 ነጥብ፣ በቁመት 100 ነጥብ ያለው ክብ የሣለ ሰው በስክሪኑ ላይ የሚያየው እንቁላል ነበር። የጥንት የኮምፒውተር ጨዋታዎች በዛሬ ስክሪን ሲከፈቱ ሰዎቹ ሁሉ አጠርና ወፈር ብለው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሠዓሊው የሣለው ለተመዘዘ ነጥብ ነበር፣ የዛሬው ነጥብ ግን አራቱም ጎኖቹ እኩል ናቸው።

ነጥቡ እኩል ጎን ያለው የሆነው በዋናነት በ1987 አይቢኤም ፒኤስ/2 ከተባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር ባወጣው ቪጂኤ በተባለ የግራፊክስ መስፈርት ነው። 640 በ480 ሲካፈል ልክ 4 ለ 3 ይመጣል፤ ክብ ክብ ሆኖ ታየ። ቪጂኤ 256 ኪሎ ባይት ሜሞሪ ይዞ በ640 በ480 ላይ 16 ቀለም ያሳይ ነበር፤ 256 ቀለም የፈለገ ግን ወደ 320 በ200 መመለስ ነበረበት። ያም 64,000 ባይት ስለሆነ የዚያ ዘመን ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ ሊያይ ከሚችለው 65,536 ባይት መስኮት ሳይወጣ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ፊደላችንን የሚመለከት አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቈጨኛል። ቪጂኤ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራበት ጊዜ ስክሪኑን 80 ዐምድና 25 ረድፍ አድርጎ ይከፍለዋል፤ ለአንዱ ፊደል የሚደርሰው ቦታ 9 በ16 ነጥብ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራሩ በአንድ ጊዜ የሚያውቀው 256 ምልክት ብቻ ነበር። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። የግእዝ አኃዞችና ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ሠንጠረዡ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ለላቲኑ ፊደል፣ ለቁጥሩና ለሥርዓተ ነጥቡ የሚተርፍ ቦታ የለም። በዚያ ላይ ቦታው ጠባብ ነው፤ ለ«l» የሚበቃው ዘጠኝ ነጥብ ለ«ጬ» አይበቃም። በዚያ ዘመን አማርኛን በኮምፒውተር ሊጽፍ የተነሣ ሰው፣ ከጽሑፉ አሠራር ወጥቶ ፊደሉን እንደ ሥዕል በነጥብ በነጥብ መሣል ወይም የላቲኑን ፊደል እያነሡ በቦታው መተካት ነበረበት። የስክሪን መስፈርት የማንን ፊደል ታሳቢ አድርጎ እንደተሠራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከቪጂኤ በኋላ አይቢኤም ብቻውን መስፈርት የሚያወጣበት ዘመን አበቃ። በ1989 የተቋቋመውና ቬሳ በመባል የሚታወቀው የአምራቾች ማኅበር 800 በ600ን መስፈርት አደረገ፤ አይቢኤምም በ1990 ኤክስጂኤ በተባለው መስፈርቱ 1024 በ768ን አመጣ። የኋለኛው ለነገራችን ዋና ነው። 1024 በ768 ልክ 4 ለ 3 ነው፤ በ256 ቀለም ሲሠራ 786,432 ባይት ስለሚፈልግ በአንድ ሜጋ ባይት ሜሞሪ ውስጥ ይገባል። ሜሞሪው ስለ በቃው፣ ቅርጹም ስለ ተስማማው፣ ይህ ልክ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። ቀጥሎ የመጣው 1280 በ1024 ግን ከሰልፉ የወጣ ነው፤ 5 ለ 4 ነው እንጂ 4 ለ 3 አይደለም። በአሮጌው የብርጭቆ ቱቦ ላይ ምስሉን በትንሹ ያጣምመው ነበር፤ በኋላ የ17 እና የ19 ኢንች ጠፍጣፋ ሞኒተሮች መስታወታቸው ራሱ 5 ለ 4 ሆኖ ስለ ተቈረጠ ጣጣው ተወገደ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዛሬም የሚታዩት፣ ከጎን ጠበብ ከላይ ረዘም ያሉት ሞኒተሮች እነርሱ ናቸው።

ታዲያ 4 ለ 3 እንዴት ወደ 16 ለ 9 ተለወጠ? ሲኒማ ቤቶች በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን ተመልካች ሲወስድባቸው፣ ቴሌቪዥን ሊያሳየው የማይችለውን ሰፊ ምስል ማሳየት ጀመሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ ወርዱ የቁመቱ 2.35 እጥፍ የሚደርስ ነበረ። በ1980ዎቹ ከፍተኛ ጥራት ያለው ቴሌቪዥን ሲታሰብ፣ ከአሮጌው 4 ለ 3 እስከ ሰፊው የሲኒማ ቅርጽ ሁሉንም የሚያስተናግድ አንድ ስክሪን አስፈለገ። አርሲኤ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኩባንያ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ከርንስ ፓወርስ የቆዳ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ግን ቅርጻቸው የተለያየ አራት ማዕዘኖችን አዘጋጅቶ መሐላቸውን ገጥሞ አነባበራቸው። ሁሉንም በውስጡ የሚያቅፈው የውጭኛው አራት ማዕዘንም፣ ሁሉም የሚጋሩት የውስጠኛው አራት ማዕዘንም ወርዳቸው የቁመታቸው 1.77 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። 16 ለ 9 ማለት ይህ ነው።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው ሒሳብ በጣም ደስ ይለኛል። አራት ሦስተኛ በራሱ ሲባዛ አሥራ ስድስት ዘጠነኛ ይሆናል። ይኸው 16 ለ 9 እንደገና በአራት ሦስተኛ ሲባዛ 64 ለ 27፣ ማለትም 2.37 ይሆናል፤ ይህም ከሰፊው የሲኒማ ቅርጽ ጋር ለጥቂት ነው የሚለያየው። በሌላ አነጋገር 16 ለ 9 በአሮጌው ቴሌቪዥንና በሰፊው ሲኒማ መካከል፣ ከሁለቱም በእኩል እጥፍ ርቆ የቆመ ሽማግሌ ነው። «21 ለ 9» እየተባሉ የሚሸጡት ረጃጅም ሞኒተሮችም እውነተኛ ምጥጥናቸው 21 ለ 9 አይደለም፤ 2560 በ1080 የሆነው ልክ 64 ለ 27 ነው። 21 ለ 9 የተባለው ከ16 ለ 9 ጎን ሲቀመጥ ለጆሮ እንዲጥም ነው። የዲክሰን አራት ቀዳዳ በዚህ መንገድ እስከ ዛሬ ድረስ ልጆችና የልጅ ልጆች አፍርቷል።

አሁን ወደ 1366 መመለስ እንችላለን። የላፕቶፕ ስክሪን አምራቾች 768 ረድፍ ያለውን ስክሪን ለዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል። ቅርጹ ወደ 16 ለ 9 ይለወጥ ሲባል 768ቱን ረድፍ ሳይነኩ ወርዱን ብቻ አሰፉት። 768 በ16 ተባዝቶ ለ9 ሲካፈል 1365 ከአንድ ሦስተኛ ይመጣል። አንድ ሦስተኛ ነጥብ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ 1365ም ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ወደ 1366 ከፍ አደረጉት፤ ከ16 ለ 9 በፀጉር ያህል የሚያልፈውም ለዚህ ነው። ሒሳቡን ለወደደ ሌላም ነገር አለ፦ ያ ሳይጠጋጋ የቀረው 1365 ከሲሶ በ768 ሲባዛ ልክ 1,048,576 ይሆናል፤ ይህም 1024 በ1024 ነው። ያ እንግዳ ቁጥር የኮምፒውተሩን ሰልፍ የረሳ መስሎን ነበር፤ በእርግጥ ግን የዚያው ሰልፍ ልጅ ነው፣ በ16 ለ 9 ልብስ ተሸፍኖ ነው እንጂ።

ሰፊው ቅርጽ በላፕቶፕ ላይ የነገሠበት ምክንያት ፊልም ለማየት ስለሚመች ብቻ አይደለም። የስክሪን ፋብሪካዎች ትልቅ መስታወት አምርተው ወደ ብዙ ስክሪን ይቈርጡታል፤ ቴሌቪዥኑም ሞኒተሩም አንድ ቅርጽ ሲሆኑ አሠራሩ ይቀልላል። በዚያ ላይ ኢንች የሚለካው በሰያፍ መሆኑ ለሻጭ የሚመች ነገር አለው። ባለ 15 ኢንች 4 ለ 3 ስክሪን ወርዱ 12፣ ቁመቱ 9 ኢንች ሲሆን ስፋቱ 108 ካሬ ኢንች ነው። ያው ባለ 15 ኢንች ስክሪን 16 ለ 9 ሲሆን ግን ስፋቱ ወደ 96 ካሬ ኢንች ይወርዳል። ኢንቹ አልተለወጠም፤ ገዢው ያገኘው መስታወት ግን በ11 በመቶ አነሰ። የቀነሰውም ከቁመቱ ነው፤ ሰነድ የሚያነብና የሚጽፍ ሰው ደግሞ አጥብቆ የሚፈልገው ቁመትን ነው። የኋላ ኋላ 16 ለ 10 እና 3 ለ 2 የሆኑ ላፕቶፖች እየበዙ የመጡት ይህ ቅሬታ ሰሚ ስላገኘ ይመስለኛል። ማይክሮሶፍት በ2014 ያወጣው ሰርፌስ ፕሮ 3 በ2160 በ1440 ስክሪኑ 3 ለ 2 ነበር፤ በጽሑፍ ሥራ ለሚውል ሰው ዛሬም ከ16 ለ 9 ይልቅ ይህን ቅርጽ እመርጣለሁ።

በቴሌቪዥን በኩል የመጣው 1920 በ1080ም የራሱን ጠባሳ ይዟል። የቀድሞው ዲጂታል የቴሌቪዥን ምስል በአንድ ረድፍ 720 ነጥብ ነበረው። ጥራቱ እጥፍ ይሁን ሲባል 1440 ሆነ፤ ቅርጹ ከ4 ለ 3 ወደ 16 ለ 9 ይስፋ ሲባል እንደገና በአራት ሦስተኛ ተባዝቶ 1920 ደረሰ፤ የ1920 ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ደግሞ 1080 ነው። ቪዲዮን ከሚጨምቁት ቀመሮች ብዙዎቹ ግን ምስልን የሚቈርጡት 16 በ16 በሆነ እሽግ ነው፤ 1080 ለ16 ሲካፈል 67 ተኩል ይሆንባቸዋል። ግማሽ እሽግ ስለማይቻል በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ምስል 1088 ረድፍ ይሆንና፣ ስምንቱ ትርፍ ረድፎች ሲታይ ተቈርጠው ይጣላሉ።

ስሞቹ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ አብዛኞቹ የገበያ ቋንቋ ናቸው። 1280 በ720 ኤችዲ፣ 1920 በ1080 ፉል ኤችዲ፣ 2560 በ1440 ኪውኤችዲ፣ 3840 በ2160 ደግሞ 4ኬ ይባላል። እዚህ ላይ የሚያደናግረው፣ 720 እና 1080 የሚሉት ስሞች የተወሰዱት ከቁመቱ ሲሆን 4ኬ ግን በድንገት ወርዱን መቍጠር መጀመሩ ነው፤ ያውም 3840 ነው እንጂ 4000 አይሞላም። በሲኒማ ቤት ዓለም 4ኬ የሚባለው 4096 በ2160 ሲሆን የቴሌቪዥኑ ስሙን ተዋሰ። የቴሌቪዥኑ 4ኬ የነጥብ ብዛቱ 8,294,400 ነው፤ ይህም ከፉል ኤችዲ ልክ አራት እጥፍ ነው። ወርዱም ቁመቱም እጥፍ ሲሆን ብዛቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይዘነጋውም፤ ጨዋታ ሲከፈትበት አራት እጥፍ ሥራ ይጠብቀዋል።

የቅርጽ አለመግባባት በየቤታችን የሚገባው በአሮጌ ቪዲዮ በኩል ነው። ከካሴት ወደ ዲቪዲ የተገለበጠ የሠርግ ቪዲዮ በሰፊው ቴሌቪዥን ሲከፈት ሙሽራዋ ድንገት ወፍራ፣ ሚዜዎቹ ትከሻቸው ሰፍቶ፣ የመኪናው ጎማ ሞላላ ሆኖ ይታያል። ምስሉ 4 ለ 3 ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን ባዶ ቦታ ላለማሳየት ብሎ ወደ ጎን በ33 በመቶ ስቦታል። ትክክለኛው አቀማመጥ በግራና በቀኝ የስክሪኑ አንድ አንድ ስምንተኛ ጥቁር ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ጥቁሩ ብልሽት አይደለም። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ በእኛም አገር በሚሠራበት ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የዲቪዲ ምስል አብዛኛውን ጊዜ 720 በ576 መሆኑ ነው፤ ይህም ራሱ 4 ለ 3ም 16 ለ 9ም አይደለም። ቅርጹን የሚወስነው ከምስሉ ጋር የተጻፈ አንድ ምልክት ነው፦ «ይህን 4 ለ 3 አድርገህ ዘርጋ» ወይም «16 ለ 9 አድርገህ ዘርጋ» ይላል። ሲገለበጥ ምልክቱ ከጠፋ ወይም ከተሳሳተ አጫዋቹ በግምት ይሠራል። ሪሲቨሩ አንድ ጊዜ፣ ቴሌቪዥኑ ሁለተኛ ጊዜ ሲያስተካክሉት ደግሞ ምስሉ በአራቱም ጎን ጠቦ ወይም ጭንቅላቱ ተቈርጦ ይወጣል። መፍትሔው ሪሲቨሩን ከቴሌቪዥኑ ትክክለኛ ቅርጽ ጋር አስማምቶ፣ የቴሌቪዥኑን የምስል መጠን ደግሞ ምንም ሳይጨምር ሳይቀንስ በሚያሳየው ምርጫ ላይ ትቶ፣ ማስተካከሉን ለአንዱ ብቻ መተው ነው።

ነጥብና ኢንች ሲገናኙ ሌላ ቁጥር ይወለዳል፤ እርሱም በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ አለ የሚለው ነው። ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ በ1366 በ768 ሲሆን በኢንች 100 ገደማ ነጥብ አለው፤ በ1920 በ1080 ሲሆን 141 ይሆናል። ጤናማ ዓይን በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነጥብ ከነጥብ መለየት የሚያቆመው በኢንች 145 አካባቢ ሲደርስ ነው፤ በሦስት ሜትር ርቀት ግን 30 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው፣ በኢንች 40 ነጥብ ያለው ባለ 55 ኢንች ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ዓይኑ ከሚችለው በላይ ነው፤ ለ4ኬ የሚጨምረውን ገንዘብ ዓይኑ አያገኘውም። ላፕቶፕ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ በተለይ አማርኛ ለሚያነብ ሰው። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በእግራቸው ጫፍ ነው፤ አንዱ ሰረዝ፣ ሌላው ቀለበት አለው። ቀለበት ቀለበት ሆኖ እንዲታይ መሐሉ ላይ ቢያንስ አንድ ነጭ ነጥብ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጥቁር ነጥቦች ሊኖሩት ይገባል፤ ያ ማለት በየአቅጣጫው ሦስት ነጥብ ነው። ፊደሉ ሲያንስ መሐሉ ይሞላና «ቤ»ው «ቢ» ይመስላል። ለላቲን ፊደል የበቃ ስክሪን ለእኛ ፊደል ሳይበቃ የሚቀረው እንዲህ ነው፤ 1366 በ768 ላፕቶፕ ላይ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ዓይኑ የደከመበትን ምክንያት እዚህ ያገኘዋል።

በመጨረሻ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመውን የፕሮጀክተር ጣጣ እናንሣ። የጥንቱ የብርጭቆ ቱቦ የተቈጠሩ ነጥቦች አልነበሩትምና የተለያዩ ልኮችን ያለ ብዙ ችግር ያሳይ ነበር። ጠፍጣፋ ስክሪንና ፕሮጀክተር ግን በፋብሪካ ተቈጥረው የተቀመጡ ነጥቦች አሏቸው፤ ከዚያ የተለየ ልክ ሲላክላቸው አንዱን ነጥብ ለሁለት እያካፈሉ በግምት ያሳያሉ፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ላፕቶፑ የመሣሪያውን ልክ የሚያውቀው ሁለቱ በኬብል ሲገናኙ መሣሪያው ኢዲአይዲ የሚባል 128 ባይት የሚሆን መታወቂያ ስለሚሰጠው ነው። ኬብሉ በጣም ከረዘመ፣ ወይም መሐል ላይ የገባው ማከፋፈያ መታወቂያውን ካላሳለፈ፣ ላፕቶፑ ማንነቱን ለማያውቀው እንግዳ እንደሚደረገው ጥንቃቄ መርጦ ወደ 1024 በ768 ወይም ከዚያ ወደ ወረደ ልክ ይመለሳል። በዚህ መታወቂያ ውስጥ የተለመዱ ልኮች የሚጻፉበት ክፍል ወርድን የሚመዘግበው በስምንት ለሚካፈል ቁጥር ብቻ ነው፤ 1366 ለስምንት ስለማይካፈል አንዳንድ ጊዜ በሴቲንጉ ላይ 1360 ወይም 1368 ተብሎ ይታያል።

ፕሮጀክተር የሚገዛ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ፉል ኤችዲ ይደግፋል» የሚለው ነው። መደገፍ ማለት ምልክቱን ይቀበላል ማለት ነው እንጂ ያን ያህል ነጥብ አለው ማለት አይደለም። 800 በ600 ነጥብ ብቻ ያለው ፕሮጀክተር 1920 በ1080 ተቀብሎ ከአራት ነጥብ ሦስቱን ያህል ጥሎ ቀሪውን ሊያሳይ ይችላል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን ሐሰት አይባልም። ከመግዛት በፊት ለመፈተን ላፕቶፑን ፉል ኤችዲ ላይ አድርጎ፣ አንድ ነጥብ ውፍረት ያላቸው ጥቁርና ነጭ መስመሮች እያፈራረቁ የሞሉትን ምስል ሳያሳንሱ ሳያሳድጉ መክፈት ይበቃል። መስመሮቹ አንድ በአንድ ተለይተው ከታዩ ነጥቦቹ በእርግጥ አሉ፤ ግራጫ ደመና ወይም እንደ ውኃ ሞገድ የሚተራመስ ጥላ ከታየ ግን መሣሪያው የሚኩራራው በሌለው ነጥብ ነው።